የፈረስ ጉልበት ብዛት ለዕለት ተዕለት ጉዞ ምን ይፈይዳል?

ባለፉት ሃያ ዓመታት በዓለም የመኪና ኢንዱስትሪ ከታዩት ጉልህ ለውጦች አንዱ የሞተር ጉልበት በከፍተኛ ደረጃ መጨመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ለገበያ የቀረበው ቡጋቲ ቬይሮን 1 ሺህ 1 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር ይዞ ሲመጣ ለመንገድ አገልግሎት ከተሠሩት መኪኖች መካከል እንደ ልዩ ክስተት ተቆጥሮ ነበር። ዛሬ ግን ከዚህ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸው ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪኖች ሳይቀር ይሸጣሉ።

ይህ ሁኔታ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሳል። በከተማ መንገድና በአገር አቋራጭ ጎዳና ለሚደረግ የዕለት ተዕለት ጉዞ ይህን ያህል ጉልበት ምን ይፈይዳል? ጥያቄው የባለጸጎችን ምርጫ ብቻ የሚመለከት አይደለም። ጉዳዩ ከመንገድ ደኅንነት፣ ከነዳጅ ፍጆታ፣ እንዲሁም መንግሥታት ከሚያወጧቸው የታክስና የፍጥነት ደንቦች ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው።

መለኪያው ምን ማለት ነው?

የፈረስ ጉልበት የተባለውን መለኪያ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በስፋት ያስተዋወቀው ጄምስ ዋት ነው። ዓላማውም የእንፋሎት ሞተርን ሥራ ሰዎች በቅርብ ከሚያውቁት ከፈረስ ሥራ ጋር ለማነጻጸር ነበር። በአሁኑ ጊዜ በሜትሪክ ሥርዓት አንድ የፈረስ ጉልበት ማለት 75 ኪሎ ግራም ክብደትን በአንድ ሰከንድ ውስጥ አንድ ሜትር ከፍ ለማድረግ የሚያስፈልግ ኃይል ሲሆን፣ ይህም ከ735 ነጥብ 5 ዋት ጋር እኩል ነው።

በዚህ መለኪያ የአንድን መካከለኛ መኪና ፍላጎት ማስላት ይቻላል። 1 ሺህ 400 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና ነፋስ በሌለበት ሜዳማ መንገድ ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ለመጓዝ የሚያስፈልገው 5 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው። ፍጥነቱ 100 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ፍላጎቱ ወደ 18 የፈረስ ጉልበት ከፍ ይላል። 8 በመቶ ተዳፋት ያለውን ዳገት በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 45 ያህል ይበቃዋል። ከፊቱ ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም ፍጥነቱን በ5 ሰከንድ ውስጥ ከ80 ወደ 120 ኪሎ ሜትር ማሳደግ ቢፈልግ ደግሞ በአማካይ 135 የፈረስ ጉልበት ያህል ያስፈልገዋል።

ከዚህ መረዳት እንደሚቻለው፣ ለመደበኛ ጉዞ የሚያስፈልገው ጉልበት በጥቂት አሥሮች የሚቆጠር ነው። አስተማማኝ የመቅደም አቅምን ጨምሮ እንኳ ከ150 ብዙም አይርቅም። ቀሪው ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ላይ ሳይውል ከመኪናው ጋር የሚዞር ነው።

ጉልበቱ የት ይሄዳል?

ከፍተኛ ጉልበት የሚፈለግበት ዋነኛው ምክንያት የአየር ተቃውሞ ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲያድግ የአየሩ ተቃውሞ አራት እጥፍ ይሆናል። ይህን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ ወደ ስምንት እጥፍ ያድጋል።

የቡጋቲ መኪኖች ታሪክ ለዚህ ሕግ ግልጽ ማስረጃ ነው። የመጀመሪያው ቬይሮን በ1 ሺህ 1 የፈረስ ጉልበት በሰዓት 407 ኪሎ ሜትር ይጓዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2010 ሱፐር ስፖርት የተባለው ዝርያ ጉልበቱ ወደ 1 ሺህ 200 ከፍ ብሎ በጀርመን ኤራ ሌሲን የሙከራ መንገድ ላይ 431 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አስመዝግቧል። ይህም ማለት 199 ተጨማሪ የፈረስ ጉልበት ያስገኘው የ24 ኪሎ ሜትር ጭማሪ ብቻ ነው። በ1990ዎቹ የተሠራው ማክላረን ኤፍ 1 በ627 የፈረስ ጉልበትና እጅግ በቀለለ አካሉ እ.ኤ.አ. በ1998 ከ386 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ እንደነበር ሲታሰብ፣ የጉልበት ጭማሪ የሚያስገኘው ትርፍ ምን ያህል እየቀነሰ እንደሚሄድ ይበልጥ ግልጽ ይሆናል።

በአንጻሩ እንዲህ ያለ ፍጥነት የሚፈቀድበት መንገድ የለም ማለት ይቻላል። በፈረንሳይ ፈጣን መንገዶች የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 130 ኪሎ ሜትር፣ በብሪታንያ ደግሞ 112 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአንዳንድ ፈጣን መንገዶቿ ላይ የፍጥነት ገደብ ያልጣለችው ጀርመን እንኳ ለአሽከርካሪዎች የምትመክረው ፍጥነት 130 ኪሎ ሜትር ነው።

በፍጥነት መነሳትስ?

የከፍተኛ ጉልበት ደጋፊዎች ጥቅሙ በመጨረሻው ፍጥነት ላይ ሳይሆን መኪናው ከቆመበት በሚነሳበት ቅልጥፍና ላይ ነው የሚል መከራከሪያ ያቀርባሉ። ሆኖም በዚህ ረገድ ወሳኙ ነገር ከሞተሩ ይልቅ ጎማው ነው። ጎማ ወደ አስፋልቱ ሊያስተላልፍ የሚችለው ኃይል በመኪናው ክብደትና በጎማው የመያዝ አቅም የተወሰነ ነው።

1 ሺህ 900 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን መኪና በአራቱም ጎማዎቹ ቢነዳ፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ሊጠቀምበት የሚችለው ጉልበት 350 ያህል ብቻ ነው። በ100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ደግሞ ወደ 700 ይደርሳል። ከዚህ በላይ ያለው ጉልበት ጎማውን ከማሽከርከር ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። መንገዱ በዝናብ ሲርስ እነዚህ አኃዞች በከፍተኛ ደረጃ ያሽቆለቁላሉ። በመሆኑም በከተማ ክልል ውስጥ የሺህ ፈረስ ባለቤት ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ጉልበት ቢፈልግ እንኳ ሊያዝበት አይችልም።

ትኩረት የሚሻው ሌላው ጉዳይ ፍሬን ነው። ጥሩ ጎማና ፍሬን ያለው መኪና በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ ለመቆም 40 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ200 ኪሎ ሜትር ርቀቱ አራት እጥፍ ሆኖ 160 ሜትር ይጠጋል። አሽከርካሪው አደጋውን አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሰከንድ ቢወስድበት በዚያች ሰከንድ ውስጥ መኪናው ሌላ 56 ሜትር ይጓዛል። ጉልበት መኪናውን ወደዚህ ፍጥነት በጥቂት ሰከንዶች ያደርሰዋል፤ የሰው ልጅ የመገንዘብ ፍጥነት ግን ከሞተሩ ጋር አብሮ አላደገም። መንገድ የሚያቋርጥ እግረኛም የሚመጣውን መኪና ርቀት የሚገምተው በለመደው ፍጥነት ነው።

ዋጋውና ወጪው

ቬይሮን ባለ 16 ሲሊንደር፣ 8 ሊትር ሞተርና አራት ቱርቦቻርጀሮች አሉት። ሙቀቱን ለማብረድ 10 ራዲያተሮች ተገጥመውለታል። በተቀላቀለ አነዳድ በ100 ኪሎ ሜትር 24 ሊትር ያህል ቤንዚን የሚጠቀም ሲሆን፣ በሙሉ ጉልበቱ ሲነዳ ደግሞ 100 ሊትር የሚይዘው ታንክ በ12 ደቂቃ ገደማ ባዶ ይሆናል። መሸጫ ዋጋውም ከ1 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ነበር።

መንግሥታትም ጉልበትን የታክስ መሠረት ያደረጉበት ሁኔታ አለ። ጣሊያን ከ2012 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ185 ኪሎ ዋት በላይ ጉልበት ባላቸው መኪኖች ላይ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ኪሎ ዋት በዓመት 20 ዩሮ እንዲከፈል ደንግጋለች። በዚህ ስሌት 736 ኪሎ ዋት ያለው አዲስ ቬይሮን በዓመት ከ11 ሺህ ዩሮ በላይ ተጨማሪ ታክስ ይጠየቃል ማለት ነው።

ጃፓን ደግሞ የተለየ መንገድ ተከትላለች። የአገሪቱ አምራቾች ከ1989 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ ለአገር ውስጥ ገበያ የሚያቀርቧቸው መኪኖች ጉልበት ከ280 እንዳይበልጥ በፈቃዳቸው ተስማምተው ነበር። የስምምነቱ መነሻም የትራፊክ አደጋ ያሳደረው ስጋት ነው። ያም ሆኖ በዚሁ ገደብ ውስጥ የተሠራውና በ1990 እ.ኤ.አ. ለገበያ የቀረበው ሆንዳ ኤንኤስኤክስ፣ ለዕለት ተዕለት አገልግሎት ምቹ ከሆኑት ፈጣን የስፖርት መኪኖች መካከል በምሳሌነት ሲጠቀስ ቆይቷል። ለዚህም ያበቃው ከአሉሚኒየም የተሠራው ቀላል አካሉ፣ ለአሽከርካሪው ዙሪያውን በግልጽ የሚያሳየው አሠራሩና አስተማማኝነቱ ነው።

ቬይሮንም ቢሆን በከተማ መንገድ ላይ ያለ ችግር መነዳት እንደሚችል ይመሰከርለታል። መኪናው እንዲሠራ የወሰነው የቮልስዋገን ኃላፊ ፈርዲናንድ ፒየህ ያስቀመጠው ግብ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሮጠው ይኸው መኪና ባለቤቱን አምሽቶ ወደ ኦፔራ ቤት በምቾት እንዲያደርስ ጭምር ነበር። ይህን ያስቻለው ግን የፈረሶቹ ብዛት አይደለም። ባለ ሁለት ፍሪሲዮን አውቶማቲክ ካምቢዮው፣ በአራቱም ጎማዎች መነዳቱ፣ የፍሬኑና የማቀዝቀዣው ጥራት ያስገኙት ውጤት ነው። በሌላ አነጋገር፣ መሐንዲሶቹ አብዛኛውን ድካማቸውን ያፈሰሱት ያን ያህል ጉልበት በዕለት ጉዞ ላይ እንቅፋት እንዳይሆን ለማድረግ ነበር።

የኤሌክትሪክ መኪኖች ያመጡት ለውጥ

የኤሌክትሪክ ሞተር መስፋፋት ሁኔታውን በከፊል ለውጦታል። እ.ኤ.አ. በ2021 የቀረበው ቴስላ ሞዴል ኤስ ፕሌድ ባለ አራት በር የቤተሰብ መኪና ሆኖ 1 ሺህ 20 የፈረስ ጉልበት አለው። ትልቅ የኤሌክትሪክ ሞተር በዝግታ ሲነዳ እንደ ትልቅ የቤንዚን ሞተር ኃይል አያባክንም። ይሁን እንጂ የጎማው የመያዝ አቅም፣ የፍሬን ርቀትና የአሽከርካሪው የመገንዘብ ፍጥነት ያው ናቸው። እንዲያውም ቀድሞ በጥቂት ባለሀብቶች እጅ ብቻ የነበረ ጉልበት ወደ ብዙኃኑ መዳረሱ የቁጥጥርን አስፈላጊነት ይበልጥ ያጎላዋል። የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚመዘገቡ አዳዲስ መኪኖች በሙሉ የፍጥነት ገደብን ለአሽከርካሪው የሚያሳውቅ መሣሪያ እንዲገጠምላቸው ያስገደደውም የፍጥነት አደጋን ለመቀነስ ነው።

ጉዳዩ ከአገራችን ሁኔታ ጋር የሚገናኝበት ነጥብም አለ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ በምትገኘው አዲስ አበባ አየሩ በመሳሳቱ ቱርቦቻርጀር የሌለው ሞተር ከጉልበቱ ከአንድ አምስተኛ በላይ ያጣል። በመሆኑም ዳገት በበዛበት ደጋማ አካባቢ መጠነኛ የጉልበት መጠባበቂያ መያዝ ተገቢ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር በአንጻሩ ለሥራው አየር ስለማያስፈልገው በከፍታ ምክንያት ጉልበቱ አይቀንስም። በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ ሲታሰብ ይህ ልዩነት ከንድፈ ሐሳብ ያለፈ ትርጉም ይኖረዋል።

ሲጠቃለል፣ እጅግ ከፍተኛ የፈረስ ጉልበት የምህንድስና ብቃት ማሳያና ለባለቤቱም የደስታ ምንጭ ሊሆን ይችላል። ለዕለት ተዕለት ጉዞ የሚሰጠው ተጨማሪ አገልግሎት ግን ከወጪውና ከሚያስከትለው ኃላፊነት ጋር የሚመጣጠን አይደለም። መኪና ለመምረጥ፣ ለመግዛትም ሆነ ደንብ ለማውጣት የሚሻ ወገን በቅድሚያ ሊመለከተው የሚገባው የጉልበቱን አኃዝ ሳይሆን ክብደቱን፣ የጎማውንና የፍሬኑን ብቃት፣ የኃይል ፍጆታውን፣ እንዲሁም የሚጓዝበትን መንገድ ነው። መንገዱ የማይፈቅደው ጉልበት ዋጋ ተከፍሎበት ጥቅም ላይ ሳይውል የሚቀር ሀብት ነውና።