ለመጽሐፍ ፈላጊው ሊቅ የተከፈተ ደጅ

በአገራችን የሊቃውንት ታሪክ ውስጥ መጽሐፍ ፍለጋ ያልተንከራተተ ሊቅ አይገኝም ብንል ማጋነን አይሆንብንም። ቅኔውን በዋሸራ፥ ድጓውን በቤተ ልሔም፥ ዝማሬ መዋሥዕቱን በዙር አምባ፥ የመጻሕፍቱን ትርጓሜ በጎንደር የተማረው ሰው አኰፋዳውን አንግቦ ከደብር ወደ ደብር ሲዞር የኖረው መምህር ፍለጋ ብቻ አልነበረም። መምህሩ ባለበት ስፍራ መጽሐፉ ላይኖር፥ መጽሐፉ ባለበት ስፍራም የሚተረጕመው ላይኖር ይችላል። መጽሐፉ ቢኖርም በዕቃ ቤት ተቈልፎ ይቀመጣል፤ ቁልፉም በቄሰ ገበዙ እጅ ነው። ቄሰ ገበዙም የአደራ ሰው ነውና ለመጣው ሁሉ አይከፍትም፤ በዚህም የሚነቀፍ አይደለም።

ስለ ድካሙ ምስክር የሚሆነን በየመምህራኑ እጅ የሚገኘው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ነው። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩት ሥራ ወደ ደቀ መዝሙራቸው ወደ አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ተላለፈ፤ አለቃ ኪዳነ ወልድም በኢየሩሳሌም ብዙ ዘመን፥ ኋላም በድሬዳዋ ደክመውበት ሳይታተም ዐረፉ፤ በመጨረሻ አለቃ ደስታ ተክለ ወልድ ፈጽመው በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት አበቁት። አንድ መጽሐፍ የሦስት ሰዎችን ዕድሜ ጠየቀ ማለት ነው። ይህንም የሠሩት የዩኒቨርሲቲ ወንበር ሳይኖራቸው ነው። ዛሬ የግል ተመራማሪ የሚባለው እንዲህ ያለው ሰው ነው።

እንዲህ ያሉ ሰዎች ዛሬም በየአጥቢያው አሉ። በገጠር የድጓ መምህር፥ በከተማ ቀን በመሥሪያ ቤት ውሎ ማታ የአንድ ቅዱስ ገድል ከግዕዝ ወደ አማርኛ የሚመልስ ጸሐፊ፥ በሌላውም ስፍራ የደብሩን ታሪክ በደብተር የሚያጠራቅም ጡረተኛ ይገኛል። ለእነዚህ ሰዎች ከቄሰ ገበዙ ቁልፍ ሌላ ዘመናችን ሁለተኛ ቁልፍ አምጥቶባቸዋል። ስለ መጻሕፍታችን የተጻፈው ጥናት፥ የተዘጋጀው ዝርዝርና የተነሣው ፊልም በየዩኒቨርሲቲው መጻሕፍት ቤት ይቀመጣል፤ የተማሪነት ወይም የመምህርነት መታወቂያ የሌለው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ከበሩ ይመለሳል። መጽሐፉን በቃሉ የሚያውቅ ሊቅ ስለ መጽሐፉ የተጻፈውን ለማየት አለመቻሉ ዘወትር የሚከነክነን ነገር ነው።

ስለዚህ በዛሬው ጽሑፋችን ይህን ሁለተኛውን ቁልፍ የከፈተ አንድ ሥራ መኖሩን ለአንባብያን ልናስታውቅ ወደድን። በአሜሪካ በሚኒሶታ ግዛት ኮሌጅቪል በተባለ ስፍራ የቅዱስ ዮሐንስ ገዳምና ገዳሙ የመሠረተው የቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ አሉ። መነኮሳቱ እ.ኤ.አ. በ1965 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የደረሰውን የመጻሕፍት ጥፋት አስበው፥ ሌላ ጦርነት ቢነሣ የቀሩትም እንዳይጠፉ በማለት፥ ከኦስትሪያ ገዳማት ጀምረው የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። ድርጅቱ ዛሬ የሂል ሙዚየምና የብራና መጻሕፍት ቤት ይባላል።

ሥራው ወደ ኢትዮጵያ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ያመጣውም የሄኖክና የኩፋሌ ጉዳይ ነበር። በአሜሪካ የቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ዋልተር ሃረልሰን እንደ እነዚህ ያሉትን፥ በምሉዕነት በግዕዝ ብቻ ተጠብቀው የኖሩትን መጻሕፍት፥ በጥንታዊ ቅጂዎቻቸው ለማጥናት ይፈልጉ ነበር። ዳሩ ግን ነገሩ ለጥቂት መጻሕፍት ብቻ ከሚሆን ይልቅ ለሁሉም ይሁን ተባለና መንበረ ፓትርያርካችን፥ የኢትዮጵያ መንግሥትና ሁለቱ የአሜሪካ ተቋማት ተባብረው ሥራው ተጀመረ። በዚህ ዓይነት ከ9,000 የሚበልጡ የብራና መጻሕፍት በፊልም ተነሡ። አንዱ የፊልም ቅጂ በአዲስ አበባ ቀረ፤ ሁለተኛው ወደ ኮሌጅቪል ሄደ። ከተነሡት አንዱ በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኘው፥ በአባ ኢየሱስ ሞዓ ስም የሚታወቀው አራቱ ወንጌል ነው፤ በ13ኛው መቶ ዓመት ማለቂያ ገደማ የተጻፈ ሲሆን የፊልሙ ቍጥር 1832 ነው።

መጻሕፍቱ ራሳቸው ግን ወደ ባሕር ማዶ አልሄዱም። ይህን አጥብቀን የምንናገረው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ዘርፎ የወሰዳቸው መጻሕፍት ነገር ከልብ አልወጣምና፥ ባሕር ማዶ ያለ የግዕዝ መጽሐፍ ሲነሣ ብዙ ምእመን የሚያስበው ዝርፊያን ነው። የዚህኛው አካሄድ ሌላ ነበር፤ የሄደው ምስሉ ነው። እንዲያውም ፊልሙ ከተነሣ በኋላ አንድ መጽሐፍ በእሳት ወይም በሌባ እጅ ቢጠፋ፥ የማን እንደ ነበረና ምን እንደ ያዘ የሚመሰክር ይህ ፊልም ነው።

ደግሞ የካቶሊክ መነኮሳት በእኛ መጻሕፍት ምን አገባቸው የሚል አንባቢ እንደሚኖር እናውቃለን። የሃይማኖቱ ልዩነት ግልጥ ነው፤ እኛም አንሸፋፍነውም። ነገር ግን ሥራው በመንበረ ፓትርያርካችን ተባባሪነት የተሠራ ነው፤ የሚታየውም የራሳችን አባቶች የጻፉት ቃል እንጂ የሌላ ትምህርት አይደለም።

ፊልም ብቻውን ዝርዝር ከሌለው እንደ ተዘጋ ዕቃ ቤት ነው። ዝርዝሩን መጀመሪያ ያዘጋጁት ዊልያም ማኮምበር የተባሉ ምሁር ናቸው፤ ኋላ ግን ሸክሙን የተሸከሙት የአገራችን ሰው ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ነበሩ። ፕሮፌሰር ጌታቸው በሸዋ በሸንኮራ ተወልደው፥ በቅድስት ሥላሴ መንፈሳዊ ትምህርት ቤት፥ ቀጥሎም በካይሮ ተምረው፥ እ.ኤ.አ. በ1962 በጀርመን በቱቢንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትርና ማዕርግ ተቀበሉ፤ በአዲስ አበባም ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1975 ወታደሮች በቤታቸው ሳሉ በጥይት መቷቸውና ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ለሕክምና ወደ ውጭ አገር ወጥተው በሚቀጥለው ዓመት ኮሌጅቪል ደረሱ። ከዚያ ወዲያ ከአርባ ዓመት በላይ በተሽከርካሪ ወንበር ተቀምጠው የአባቶቻቸውን መጻሕፍት መረመሩ።

የሥራውን ክብደት ለማወቅ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዞ መሞከር ነው። አንድ የብራና ጥራዝ በውስጡ አንድ ድርሰት ብቻ አይይዝም። ተአምሩ ሲያልቅ መልክእ ይከተላል፤ በኅዳጉ የርስት ውል፥ በመጨረሻው ቅጠል የጸሐፊው ስምና ያሠራው ሰው ስም፥ አንዳንድ ጊዜም ስሙ ተፍቆ በላዩ ሌላ ስም ተጽፎበት ይገኛል። ይህን ሁሉ እየለዩ፥ ዘመኑን ከእጅ ጽሕፈቱ እየገመቱ፥ እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1993 ዐሥር ቅጽ ዝርዝር ታተመ፤ እስከ ቍጥር 5,000 ያሉትን መጻሕፍት ይሸፍናል። ፕሮፌሰር ጌታቸው እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት የተሰጣቸው ሲሆን፥ በ2021 በሰኔ ወር በ90 ዓመታቸው ዐረፉ። ለአማርኛ አንባቢ ደግሞ «ባሕረ ሐሳብ» የተባለውን መጽሐፋቸውን ትተውልናል።

እንግዲህ ከብዙ ዘመን ጀምሮ ይህን ፊልም ለማየት የሚችለው ወደ ኮሌጅቪል የሚሄድ ወይም በአዲስ አበባ በማንበቢያ መሣሪያ ፊት ለመቀመጥ ፈቃድ የሚያገኝ ሰው ነበር። አሁን ግን ድርጅቱ ምስሎቹን በኢንተርኔት አውጥቷል። የንባብ ክፍሉ ቪ ኤች ኤም ኤም ኤል ይባላል። ስምና የኢሜይል አድራሻ ሰጥቶ መመዝገብ ይበቃል፤ ገንዘብ አይከፈልበትም፤ የዩኒቨርሲቲ ሰው መሆንም አያስፈልግም። የኢትዮጵያው ፊልም ኢ ኤም ኤም ኤል በሚል ምልክትና በቍጥር ይፈለጋል። መጽሐፉ ሲከፈት ቅጠል በቅጠል ይታያል፤ ጽሕፈቱንም በጣት አስፍቶ ማንበብ ይቻላል። አንድ ነገር አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለ ሆነ በቀይ ቀለም የተጻፈው የቅዱሳን ስም ግራጫ ሆኖ ይደበዝዛል፤ ለዐይንም ያስቸግራል።

ከምናውቃቸው መሪጌቶች ለአንዱ፥ ዕድሜያቸው ከሰባ ያለፈ ነው፥ እንዲህ ያለ ገጽ በእጅ ስልክ ከፍተን አሳየናቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ በዜማ ማንበብ ጀመሩ። ገጹ ከግርጌው ርጥበት የበላው ነበር፤ እኛ ፊደሉን ለመለየት ስንታገል እሳቸው ሳያቋርጡ አለፉት፤ ከቃላቸው እየሞሉ ነበርና። ሁለተኛውን ቅጠል አጋምሰው ግን ቆሙ። «እዚህ ላይ የኛ ቤት ንባብ ሌላ ነው» አሉ፤ ወዲያውም መጽሐፉ የየትኛው ደብር እንደ ሆነ ጠየቁን። ደብሩን በነገርናቸው ጊዜ ልዩነቱ ከየት እንደሚመጣ፥ የእነማን መምህራን ዘር በዚያ አገር እንዳስተማረ ግማሽ ሰዓት ያህል አጫወቱን። ይህን ጨዋታ በየትኛውም የታተመ ዝርዝር ውስጥ አላገኘነውም።

በእኛ አስተያየት የነገሩ ፍሬ ይህ ነው። ዩኒቨርሲቲው ምስሉና ቍጥሩ አለው፤ የኔታ ንባቡና ትርጓሜው አላቸው። ምስሉ በብዙ ስፍራ ተቀምጧል፤ አይጠፋም። የኔታ ግን አንድ ናቸው። ዕድሜያቸውም ይሄዳል።

ይህ የሁለቱ መገናኘት እንግዳ ነገር አይደለም። በጀርመን አገር የሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያና የኤርትራ ጥናት ማእከል በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ ነው። ሉዶልፍ በ17ኛው መቶ ዓመት የግዕዝን ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለአውሮፓ ያስተዋወቀ ሰው ሲሆን፥ አብዛኛውን ያስተማሩት የመካነ ሥላሴው መነኵሴ አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። መጀመሪያ በሮም ተገናኙ፤ እ.ኤ.አ. በ1652 ደግሞ አባ ጎርጎርዮስ የጎታ መስፍን እንግዳ ሆነው ወደ ጀርመን ሄዱ፤ በ1658 ወደ አገራቸው ሲመለሱ መርከባቸው ተሰብሮ በባሕር ሞቱ። ማእከሉ የደቀ መዝሙሩን ስም ይዟል፤ የመምህሩን ስም ግን በየቤታችን ለልጆቻችን ልንነግር የሚገባን እኛ ነን።

ይኸው ማእከል እ.ኤ.አ. በ2016 «ቤተ መጻሕፍት» የሚል የግዕዝ ስም የሰጠውን፥ ሃያ አምስት ዓመት የታሰበለትን ሥራ ጀምሯል። የብራና መጻሕፍቱን፥ ድርሰቶቹን፥ የደራስያኑንና የቦታዎቹን ስም በአንድነት መዝግቦ በኢንተርኔት ለሁሉ ክፍት አድርጎታል። እ.ኤ.አ. በ1865 የታተመው የዲልማን የግዕዝ መዝገበ ቃላትም በዚያው ዩኒቨርሲቲ ድካም በነጻ ይገኛል፤ ፍቺው በላቲን ስለ ሆነ ግን ለብዙዎቻችን ከአለቃ ኪዳነ ወልድ ጋራ ካላስተያየነው አይጠቅምም።

ችግር የለም አንልም። መግቢያውና ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ነው፤ ምስሉ ከባድ ስለ ሆነ የኢንተርኔት ሒሳብ ይበላል፤ በገጠርም መስመሩ ይቈራረጣል። በኢንተርኔት ያለውም ነገር ሁልጊዜ አለ ማለት አይደለም። የመቅደላ መጻሕፍት የሚገኙበት የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2023 በጥቅምት ወር በኮምፒዩተር ወንበዴዎች ተመትቶ የብራና መጻሕፍቱ ምስል ለብዙ ጊዜ ሳይታይ ቀርቷል። ስለዚህ የሚያስፈልገውን ገጽ ያገኘ ሰው የመጽሐፉን ቍጥርና የቅጠሉን ቍጥር ጽፎ፥ ንባቡን በወረቀት ቢገለብጥ መልካም ነው። ለማሳተም የሚያስብ ደግሞ አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቅ፤ መጽሐፉ ባለቤት አለውና።

ለእንግሊዝኛው ችግር ግን መድኃኒቱ ከቤታችን አይርቅም። በየቤቱ ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ልጅ አለ፤ ስልኩንም ከእኛ ይልቅ ያውቃል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንድ ሰዓት ከአጥቢያው መሪጌታ ወይም ከአያቱ አጠገብ ተቀምጦ መጽሐፉን ቢከፍትላቸው፥ እሳቸው ያነባሉ፤ እሱ ይጽፋል። ሰንበት ትምህርት ቤቶችም አንድ ኮምፒዩተር ያላቸው እንደ ሆነ ይህን ሥራ በተራ ሊይዙት ይችላሉ። በዝርዝሩ ውስጥ ስሕተት ሲገኝም፥ መገኘቱ አይቀርም፥ ለድርጅቱ መጻፍ ይቻላል።

መጀመሪያ የሚፈለገው የራስ አጥቢያ ስም ቢሆን እንወዳለን። ፊልም አንሺዎቹ ያልደረሱባቸው አድባራት ብዙ ናቸውና፥ ስሙ ሳይገኝ ቢቀር ቄሰ ገበዙንና የሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዶ የደብሩን መጻሕፍት በደብተር መመዝገብ ይቻላል፤ የመጽሐፉን ስም፥ የጸሐፊውንና ያሠራውን ሰው ስም፥ የቅጠሉን ብዛት፥ በኅዳጉ የተጻፈውን። ደብተሩም በሁለት ይገልበጥ፤ አንዱ በዕቃ ቤቱ፥ አንዱ በአስተዳዳሪው ዘንድ ይቀመጥ።