የሞተሩ ዘይት የማን ነው?

ቡጋቲ ቬይሮን የምትባል መኪና አለች። በፈረንጆቹ 2005 ወደ ገበያ የወጣች፣ 16 ሲሊንደርና 1,001 የፈረስ ጉልበት ያላት የቱጃር መጫወቻ ናት። ታዲያላችሁ ይቺን ጉደኛ ዘይት ለማስቀየር ብቻ አሜሪካ ውስጥ ከ20 ሺህ ዶላር በላይ ይጠየቅባታል! ዘይቱ ማርና ቅቤ ያለበት እንዳይመስላችሁ። አሮጌው ዘይት የሚወርድባቸው ታፖዎች 16 ናቸው። እነሱ ጋ ለመድረስ ደግሞ ከሥርና ከኋላ ያለው ሽፋን ሁሉ መፈታት አለበት። ገንዘቡን የሚበላው የባለሙያው ሰዓት ነው።

ፖርሽም የራሱ ጣጣ አለው። በአየር የሚቀዘቅዙት የድሮዎቹ 911 ዘይታቸውን እንደኛ መኪና ከሞተሩ ሥር ባለው ኮፓ ውስጥ አያስቀምጡም፤ ለብቻው የተሠራ ጋን አላቸው። መኪናዋ በፍጥነት ስትታጠፍ ዘይቱ ወደ አንድ ጎን ሸሽቶ ሞተሩ እንዳይጠማ ተብሎ ነው። መጠኑ የሚለካውም ሞተሩ ሞቆ፣ እየሠራ እያለ ነው። ይህንን ለአንድ የቡሬ መካኒክ ባጫውተው በሳቅ ሞተ። እሱ ጋ የሚመጡት መኪኖች ጠፍተው፣ ጥቂት አርፈው ነው የሚለኩት።

«ታዲያ ምን አገባን? ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ውስጥ ፖርሽ ቆሞ አይተን አናውቅ!» ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። የነዚያ መኪኖች ባለቤት ዘይቱን ማን እንደቀየረ፣ በየትኛው ቀን፣ በስንተኛው ኪሎ ሜትር እንደተቀየረ በወረቀት የተጻፈ ማስረጃ አለው። እኛ ዘንድስ? አንድ ቤተሰብ ያለ የሌለ ጥሪቱን ያፈሰሰባት ሚኒባስ ለቤቱ ከቡጋቲ በላይ አይደለችም እንዴ? ዘይቷ መቼ ተቀየረ ብላችሁ ብትጠይቁ ግን ሦስት ሰው ሦስት መልስ ይሰጣችኋል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። 12ኛን ጨርሼ ብዕር የያዝኩ ሰው ነኝ። ይህንን እንድጽፍ ያደረገችኝ አንዲት እህት ናት፤ ስሟን አልጠራም።

ይቺ እህት የፍኖተ ሰላም ዙሪያ ገጠር ልጅ ናት። ዓረብ አገር ስምንት ዓመት የሰው ቤት ሠርታ፣ የሰው ልጅ አሳድጋ ተመለሰች። ባመጣችው ገንዘብ ላይ እቁቧን ጨምራ አንድ አሮጌ ሚኒባስ ገዛች። መስመሩ ከፍኖተ ሰላም በማንኩሳ አድርጎ ቡሬ ነው። (አዎ፣ ያቺው የ«ፍቅር እስከ መቃብር»ዋ ማንኩሳ!) ታናሽ ወንድሟን ተቆጣጣሪ አደረገችው፤ ሹፌር ቀጠሩ። በየወሩ የዘይት መቀየሪያ ብላ ለወንድሟ ትሰጣለች። ወንድሟ ለሹፌሩ ይሰጣል። ማታ «ዘይት ተቀየረ?» ስትል «ተቀይሯል እታለም» ትባላለች። አለቀ። ኮፈኑ ተከፍቶ አይታ አታውቅም። እንዲያው ሴት ልጅ ጋራዥ ገብታ ምን ልትሠራ!

አንድ የገበያ ቀን ከቡሬ በርበሬውንም ሰዉንም ጭነው ሲመለሱ ከመሪው ፊት ያለችው ቀይ የዘይት መብራት በራች። ሹፌሩ «አንዳንዴ ትበራለች» ብሎ ነዳ። ቀጥሎ ከሞተሩ ውስጥ ሙቀጫ የሚወቀጥ የሚመስል ድምፅ መጣ። አሁንም ነዳ፤ ማንኩሳ ለመድረስ። አልደረሰም። ሞተሩ ተጣብቆ ቀረ።

ሲፈታ ኮፓው ውስጥ የተገኘው ዘይት አይባልም፤ የክረምት ጭቃ ነው። ብሮንዚናው ቀልጧል። ፊልትሮውማ መኪናዋ ስትገዛ የነበረው ነው። ወንድምየው «ለሹፌሩ ሰጥቻለሁ» አለ። ሹፌሩ «የሰጠኝ ግማሹን ነው፣ በዚያ ደግሞ ሁለት ሁለት ሊትር እየገዛሁ ከላይ ጨምሬያለሁ» አለ። ጉዱ ምን መሰላችሁ? ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነበር። ዘይት ተገዝቷል፤ ዘይት ተጨምሯል፤ ዘይት ግን አንድም ቀን አልተቀየረም።

ስምንት ዓመት የለፋችበት ሞተር እንደዚያ ሆነ። ከሁሉ የባሰው ግን እህትና ወንድም መኮራረፋቸው ነው። ሽማግሌ ገባ፤ አልሆነም። ለእናታቸው ተስካር እንኳን ጎን ለጎን አልተቀመጡም።

እስቲ አብረን እናስላ። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ደርሶ መልስ 50። በቀን አራት ምልልስ የሚሠራ ሚኒባስ 200 ኪሎ ሜትር ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ዓይነት መኪና በተለምዶ የሚባለው ዘይት መቀየሪያ 5,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ በ25 የሥራ ቀን ይሞላል። አቧራ ባለበት ጥርጊያ የሚሠራ፣ ከልክ በላይ የሚጭን መኪና ደግሞ ከዚያም ቀደም ማለት ይኖርበታል። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ የሞተባት መኪና ያላችሁ (ስንቶቻችሁ እንደሆናችሁ አውቃለሁ!) ምልልስ ቁጠሩ። አለዚያም በወሩ አንድ ቀን ቁረጡ። ሚካኤል በገባ ቁጥር ዘይት የሚቀይር አንድ ሹፌር አውቃለሁ፤ ቀኑን ረስቶት አያውቅም፤ እንዴት ይረሳል!

አሁን ደሞ ስለ ራሱ ስለ ዘይቱ። ሞተር ውስጥ ብረትና ብረት የሚተሻሹ ይመስለናል እንጂ ደህና ሞተር ውስጥ አይነካኩም። መካከላቸው ከፀጉር የቀጠነ የዘይት ገለፈት አለ። ብረቱ ተንሳፎ ነው የሚዞረው። ዘይቱ በዚያ ላይ ሙቀት ያወጣል፣ ጥላሸትና ብናኝ ይሸከማል፣ በፒስቶኑ ዙሪያ ያለውን ቀዳዳ ይደፍናል። ዓባይ በረሃን አስቡት። ከጎሐ ጽዮን እስከ ድልድዩ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ፣ ያንኑ ያህል ወደ ደጀን ሽቅብ መውጣት ነው። ጭነት ይዞ፣ በከባድ ማርሽ፣ በዚያ ሙቀት! ያረጀ ዘይት ጉልበቱ የሚያልቀው እንደዚህ ያለ ቦታ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ለባለቤቶች አንድ ነገር ሹክ ልበላችሁ፣ ሰው በከንቱ እንዳታሙ። ብዙዎቻችሁ የመለኪያውን ዘንግ መዝዛችሁ ዘይቱ ጠቁሮ ስታዩ «ሌባ! አልቀየርክም!» ትላላችሁ። የናፍጣ ሞተር ዘይት በገባ በጥቂት ቀን ውስጥ ይጠቁራል። ጥላሸቱን እየሰበሰበ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው። መልኩን አይቶ ሹፌር ማባረር ግፍ ነው። ይልቅ በጣታችሁ ስታሹት እንደ አሸዋ ቢሻክራችሁ፣ ወይም መልኩ ቡና በወተት ከመሰለ ያን ጊዜ ደንግጡ። ቡና በወተት ማለት ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ነው።

ታዲያ መቀየሩን በምን እናውቃለን? በፊልትሮው። ፊልትሮው አዲስ መሆኑ ከሩቅ ይታያል። ላዩ ላይ በማይለቅ ማርከር ቀኑን ጻፉበት። አሮጌውን ፊልትሮና ባዶውን ጀሪካን ተቀብላችሁ እዩ። ከሁሉ የሚሻለው ግን ቆሞ ማየት ነው። የሚፈጀው አንድ ሰዓት አይሞላም! ቆማችሁ ስታዩ ሹፌሩም ከሐሜት ይድናል። «አላመንሽኝም» ብሎ የሚያኮርፍ ካለ፣ እንዲያ ያለውን ነው በደንብ ማየት።

ስትቆሙ ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ። ሞተሩ ለጥቂት ደቂቃ ተነሥቶ ይሞቃል፤ ለብ ያለ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወርዳል። እንደ እሳት ሲግል አይደለም፣ እጅ ይልጣል። መኪናዋ ደልዳላ ቦታ ላይ ትቆማለች። በክሪክ ብቻ በተነሣ መኪና ሥር ማንም እንዳይገባ! ክሪክ ሸርተት ብሎ ስንቱን ወጣት እንደጨረሰ ጋራዥ የዋለ ይንገራችሁ። ጎማው በድንጋይ ታግዶ፣ መኪናዋ በደህና መቆሚያ ተደግፋ ነው መግባት። ከዚያ ታፖው ይፈታል፤ ዘይቱ ጠብ ጠብ እስኪል 10 እና 15 ደቂቃ ይጠበቃል። ቸኩሎ የሚዘጋ መካኒክ አሮጌውን ከአዲሱ ጋር ያጋባዋል። የታፖው ሮንዴላ ያረጀ ከሆነ ይለወጣል። የአዲሱ ፊልትሮ ጎማ ትንሽ ዘይት ይቀባና በእጅ ይጠብቃል። በቁልፍ ታግሎ የሚያጠብቀውን «ተው» በሉት፤ ጎማው ይቆረጣል፣ በሚቀጥለው ወርም አይፈታም።

ዘይቱ ሲገባ ልክ አለው። የሚኒባሶቹ ናፍጣ ሞተር በአብዛኛው ከ5 እስከ 6 ሊትር ገደማ ይወስዳል፤ ትክክለኛው የመኪናዋ መጽሐፍ ላይ አለ። ቀነስ አድርጎ መሙላት፣ መለካት፣ መጨመር። «ቢበዛ ምን ይጎዳል» የሚል አለ። ይጎዳል! ከልክ ካለፈ የሚዞረው ብረት ዘይቱን እንደ ሳሙና ውኃ ይመታዋል፤ አረፋ ደግሞ ብረት አይሸከምም። ተሞልቶ ሲያበቃ ሞተሩ ይነሣል፤ ቀይዋ መብራት በጥቂት ሰኮንድ ውስጥ መጥፋት አለባት። ከሥር የሚያንጠባጥብ ካለ ይታያል፤ ጠፍቶ አምስት ደቂቃ አርፎ እንደገና ይለካል፤ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ከሆነ በቃ። መንገድ ላይ ያቺ ቀይ መብራት ከበራች ግን መቆምና ማጥፋት ነው፤ «እስከ ማንኩሳ» የሚባል ነገር የለም።

ጣሳው ላይ «15 ደብልዩ 40» ተብሎ የተጻፈውን እንደ ሎተሪ ቁጥር የሚያየው ብዙ ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ዘይቱ በብርድ ጊዜ እንዴት እንደሚፈስ፣ ሁለተኛው ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚወፍር ይናገራል። የናፍጣ መሆኑንም ጠይቁ። ደግሞ ከየት እንደምትገዙ እወቁ፤ አሮጌ ዘይት ተጣርቶ በታወቀ ስም ጀሪካን ተሞልቶ የሚሸጥበት ጊዜ አለና። ለዚህ ነው ባዶውን ጀሪካን ብሱት የምለው። የእናንተ ጀሪካን ተመልሶ እናንተኑ እንዳያታልል! (ቡሬ ላይ ሱቅ ገብታችሁ «ዘይት አለ?» ብትሉ ደግሞ «የምግብ ወይስ የሞተር?» ትባላላችሁ። የምግብ ዘይት ፋብሪካ ያለበት ከተማ ነው፣ አይፈረድባቸውም።)

«ቆማ የከረመች መኪና ዘይት ምን ያደርግላታል?» ለምትሉም መልስ አለኝ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአካባቢው በተነሣው ግጭት መንገድ እየተዘጋ ስንት መኪና ለወራት እንደቆመ ታውቃላችሁ። ዘይት በመቆምም ያረጃል፤ እርጥበት ይገባዋል። ብዙ ወር የቆመች መኪና፣ ያኔ ዘይቷ አዲስ ቢሆንም፣ ቢያንስ በዓመት አንዴ መቀየር ይኖርባታል። በጥር 2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑ ከተነገረ በኋላ ደግሞ ያለችው አሮጌ ሞተር ብትሞት በሌላ መኪና እተካለሁ ማለት ቀላል አይደለም። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት ቅያሪ የለውም፤ ዕድለኛ ነው። የበርበሬ ጆንያ ጭኖ ቡሬና ፍኖተ ሰላም የሚመላለሰው ግን እስካሁን ናፍጣ ጠጪው ነው።

ያቺ እህት ሞተሩን በብድር አስጠገነች። አሁን ደብተር አላት፤ ቀን፣ የሊትር ብዛት፣ ፊልትሮ፣ ፊርማ። ጋራዥ ስትቆም መጀመሪያ ሰዉ ይጠቋቆምባት ነበር፤ አሁን መካኒኩ ራሱ «እትዬ፣ በርጩማው ያውልሽ» ይላታል። ከወንድሟ ጋር እስካሁን በሰላምታ ብቻ ናቸው።

የወረደው ዘይት የት ይሄዳል? አንዳንዱ ጋራዥ ደጅ ላይ ያፈሰዋል፤ ዝናብ ሲመጣ በቦዩ አድርጎ ወንዝ ይገባል። ከታች ከብት የሚያጠጣ፣ እንስራ የሚሞላ ሰው አለ። ገበሬው ለአጥር እንጨት ይፈልገዋል፤ ግንዱን ከመቅበሩ በፊት የሚቆመውን ጫፍ ይቀባዋል፣ ምስጥ እንዳይበላው። እሱም ቢሆን ከጉድጓድ ውኃና ከጓሮ ጎመን ራቅ ብሎ፣ እጅን በፌስታል ሸፍኖ ይሁን። የተቃጠለ ዘይት የቆዳ መድኃኒት ነው እያሉ ለልጅና ለከብት እከክ የሚቀቡትን ግን ተዉ በሏቸው፤ መርዝ ነው። ክዳን ባለው ጀሪካን አጠራቅማችሁ ለሚሰበስብ ጋራዥ ስጡት፤ ጀሪካኑ ላይም ልጆች የምግብ እንዳይመስላቸው ምልክት አድርጉበት።