ለበዓል ወደ ጅማ በአየር ለሚመጡ፥ ለሚቀበሏቸውም ቤተሰቦች

በቀድሞው ዘመን ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ለመሔድ ያሰበ ሰው አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ በቅሎው ጤንነትና ስለ ጊቤ ወንዝ ሙላት ነበር። ስንቁን አሰናድቶ፥ ዘመዶቹን ተሰናብቶ፥ ከነጋዴዎች ጋራ ተባብሮ ይነሣና ብዙ ቀን ተጕዞ ከታላቁ የሂርማታ ገበያ ይደርስ ነበር። የመኪና መንገድ ከተከፈተ በኋላ ያ ሁሉ ድካም ወደ ጥቂት ቀን ወረደ፤ ዛሬ 350 ኪሎ ሜትር ያህል የሆነው መንገድ በመኪና የአንድ ሙሉ ቀን ጕዞ ነው። አይሮፕላን ግን ከቦሌ ተነሥቶ 1 ሰዓት ያህል በርሮ ጅማ ላይ ያርፋል።

መንገዱ እንዲህ ካጠረ፥ ከውጭ አገር ለበዓል የሚመጡ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋራ የሚቈዩበት ጊዜ ሊረዝም በተገባው ነበር። ነገር ግን በጅማም ሆነ በአጋሮ፥ በሊሙ ገነትም ሆነ በቦንጋ እናቶች ልጃቸውን ከሸኙ በኋላ «መምጣቱንስ መጣ፤ ግን ሳንጠግበው ሔደ» ሲሉ ይሰማሉ። የዚህ ምክንያቱ ሁልጊዜ የገንዘብ ማነስ ወይም የፍቅር መጕደል አይደለም። ጕዞው የሚታሰበው ከአይሮፕላኑ ተጀምሮ እንጂ ከወላጆች ደጃፍ ተጀምሮ ስላልሆነ ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፋችን፥ የሚመጣውም የሚቀበለውም ቤተሰብ አስቀድሞ ሊመክርባቸው የሚገባቸውን ነገሮች በየተራ ለማመልከት እንወዳለን።

የጅማና የአይሮፕላን ትውውቅ የቈየ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. ተቋቁሞ፥ በዚያው ዓመት መጋቢት 30 ቀን የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ አደረገ። በአገር ውስጥም በመጀመሪያ ከተከፈቱት መስመሮች አንዱ ወደ ጅማ የሚወስደው ነበር። አይሮፕላኖቹ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተረፉ ዳኮታዎች ሲሆኑ፥ መንገደኛው በግራና በቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ፊት ለፊት ይቀመጥ፥ ጭነቱም በመካከል ይታሰር ነበር። ዛሬ በዚህ መስመር በብዛት የሚታዩት ዳሽ 8 የሚባሉት ባለ 2 ሞተር አይሮፕላኖች 70 ያህል መንገደኛ ይይዛሉ። ይህም ቍጥር ለበዓል ሰሞን ትንሽ መሆኑን ማሰብ ያሻል፤ የጥምቀት ዋዜማ ሲቃረብ ወንበር ፍለጋ የሚሯሯጥ ሰው ብዙ ነውና። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚለው የአበው ቃል ለመንገደኛ በደንብ ይስማማል።

እንግዲህ የመጀመሪያው ምክራችን ቀኖቹን መቍጠር ነው። በዋሽንግተን የሚኖር አንድ ልጅ 14 ቀን ፈቃድ አገኘ እንበል። ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ያለው ቀጥታ በረራ 13 ሰዓት ያህል ይፈጃል፤ በሰዓቱ ልዩነት ምክንያት ግን መምጫው አንድ ቀን፥ መመለሻውም አንድ ቀን ይወስዳል። ስለዚህ 12 ቀን ይቀራል። ልጁ አዲስ አበባ ላይ ዘመድ ለመጠየቅ 4 ቀን ቢቈይ፥ በመኪና ወደ ጅማ ለመውረድና ለመመለስ 2 ቀን ቢፈጅ፥ ለመሰናበቻም 2 ቀን በአዲስ አበባ ቢያስቀር፥ ለወላጆቹ የሚተርፋቸው 4 ቀን ብቻ ነው። የወላጆቹ ቤት ቦንጋ ከሆነ ደግሞ ከዚያም ላይ አንዱ በመንገድ ያልቃል።

ይኸው ልጅ ዕቅዱን ከወላጆቹ ደጃፍ ቢጀምር ግን ሒሳቡ ይለወጣል። ቦሌ በደረሰበት ቀን ወይም በማግሥቱ ወደ ጅማ ቢበርር፥ ሲመለስም በአየር ቢመለስ፥ መምጫና መመለሻው ከ12ቱ ቀን 2 ቀን ይወስዱበታል፤ ከቀሩት 10 ቀኖች 7ቱን ለወላጆቹ፥ 3ቱን በመጨረሻ ለአዲስ አበባ ዘመዶቹ ሊሰጥ ይችላል። ፈቃዱም ያው 14 ቀን ነው። የአዲስ አበባ ዘመዶችም የሚቀርባቸው ነገር የለም፤ አስቀድሞ በስልክ ከተነገራቸው፥ ሽማግሌዎች ወላጆች ቀድመው እንዲታዩ የማይፈቅድ ዘመድ አይገኝም።

ሁለተኛው በቦሌ የሚደረገው የአይሮፕላን ለውጥ ነው። ከውጭ አገር የመጣ መንገደኛ ፓስፖርቱን አሳይቶ፥ ሻንጣውን ተረክቦ፥ በጉምሩክ አልፎ ነው ወደ አገር ውስጥ በረራ የሚሔደው። ስለዚህ በሁለቱ በረራዎች መካከል በቂ ሰዓት መተው፥ ከልጆች ጋራ ለሚመጣም ከዚያ የበለጠ መጨመር ይገባል። ሁለቱንም በረራ በአንድ ትኬት መቍረጥ ይሻላል፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ ለሁለተኛው የሚያስበው አየር መንገዱ ይሆናልና። ለየብቻ በተቈረጡ ትኬቶች ግን የዘገየበት ጕዳት በመንገደኛው ላይ ይወድቃል። በአየር መንገዱ ዓለም አቀፍ በረራ ለመጣ ሰው የአገር ውስጡ ዋጋ ብዙ ጊዜ ስለሚቀነስለት፥ ትኬት ሲቈረጥ ይህንኑ መጠየቅ መልካም ነው። የመንገደኛው ስምም ከፓስፖርቱ ጋራ በፊደል ሳይቀር አንድ መሆን አለበት፤ የእኛ አገር ስም የአባትና የአያት ስለሆነ፥ በውጭ ወረቀት የአያት ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ በተጻፈበት ጊዜ መለያየት ይመጣል። የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ያላቸውም ዘመኑ እንዳላለፈ አስቀድመው ይመልከቱ።

በመመለሻውም ጊዜ ከጅማ የሚነሣው በረራ ከውጭ አገሩ በረራ በአንድ ሙሉ ቀን ቢቀድም ይመረጣል። በክረምት ጧት ደመናና ጉም በጅማ ላይ ሲተኛ በረራ ሊዘገይ ይችላል፤ ውቅያኖስ የሚሻገረው አይሮፕላን ግን የጅማን ጉም አይጠብቅም።

ሦስተኛው የቀንና የሰዓት ነገር ነው። ይህ ቀላል መስሎ ብዙ ሰው የሚያሰናክል ነው። በትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ስለሆነ፥ 7:00 የተባለው በእኛ ከጧቱ 1 ሰዓት ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያስተው የሌሊት በረራ ነው፤ በእነርሱ ዘንድ ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነውና። ለምሳሌ ትኬቱ ጃንዋሪ 20፥ 00:30 ቢል፥ መንገደኛው በቦሌ መገኘት ያለበት ጃንዋሪ 19 በዋለበት ማታ ነው። ይህም በሌላው ዓመት ጥር 11፥ የጥምቀት ዕለት ማታ ማለት ነው። «ጃንዋሪ 20 ማታ ነው» ብሎ የተቀመጠ ሰው በማግሥቱ ሲደርስ አይሮፕላኑ ከሔደ አንድ ቀን ሊሞላው ነው።

በዓላቱንም ሲያሰሉ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጳጕሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ፥ የመስቀል በዓል በሴፕቴምበር 28፥ የጥምቀት በዓል በጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በሌሎቹ ዘመናት ግን 27 እና 19 ነው። ልደት በዚያ ዓመት ታኅሣሥ 28 ስለሚከበር ከጃንዋሪ 7 አይናወጥም። ትንሣኤ ደግሞ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር፥ በውጭ የሚኖረው ልጅ በዚያ አገር ያለውን የፋሲካ ቀን አይቶ ፈቃድ ከመጠየቁ በፊት፥ ወላጆቹ የባሕረ ሐሳቡን ቀን ይንገሩት።

አራተኛው ወቅቱን መምረጥ ነው። ለመስቀል የሚመጣ የጅማን ልምላሜ ያያል፤ ነገር ግን ዝናሙ ገና ስላላባራ የገጠሩ መንገድ ጭቃ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ የቡናው ለቀማ ጊዜ ስለሆነ፥ ቀዩ ፍሬ ሲለቀም በየደጁም ሲሰጣ ይታያል፤ ይሁን እንጂ ቤተሰቡ በሥራ የሚጠመድበት ወራት መሆኑንና ከኅዳር 15 ጀምሮ ጾመ ነቢያት መግባቱን ማሰብ ይገባል። በጥር ሰማዩ ጥርት ያለ፥ መንገዱም የደረቀ ስለሆነ፥ ሕፃናትን ይዞ ለሚመጣ ይህ ወር ይመቻል። በየካቲትና በመጋቢት የመጀመሪያው ዝናም ሲጥል የቡናው አበባ ጫካውን ነጭ አድርጎ ያለብሰዋል፤ ያም የዐቢይ ጾም ወራት ነው። በጾም የሚጓዝ ሰው የጾም ምግብ እንዲቀርብለት ከጕዞው አስቀድሞ ለአየር መንገዱ ያመልክት።

አምስተኛው ከጅማ ወዲያ ያለው ጕዞ ነው። በዳኮታዎቹ ዘመን አይሮፕላን እስከ ጎሬ፥ እስከ ቴፒና እስከ ሚዛን ተፈሪ ይመላለስ ነበር። ዛሬ ግን ለአጋሮ፥ ለሊሙና ለቦንጋ ሰው የአየሩ በር ጅማ ነው፤ ከዚያ ወዲያ በመኪና መሔድ ግድ ይሆናል። አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ያህል፥ ቦንጋ ደግሞ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። አይሮፕላኑ ከቀትር በኋላ የሚያርፍ ከሆነ፥ የቦንጋ መንገደኛ በጅማ አድሮ በጧት ቢነሣ ይሻለዋል፤ በማያውቁት መንገድ በሌሊት መጓዝ አይመከርምና። ተቀባዮቹም መኪናውን ከበዓሉ ግርግር አስቀድመው ይያዙ፤ የመንገዱን ደኅንነትም በሰሞኑ ከሚመላለሱ ሾፌሮች ጠይቀው ይረዱ።

በውጭ አገር ለተወለዱ ልጆች ይህ አገር የወላጆቻቸውን ታሪክ በዐይናቸው የሚያዩበት ነው። ከጅማ ወጣ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ፥ ከ1870ዎቹ መግቢያ እስከ 1924 ዓ.ም. የጅማ ንጉሥ የነበሩት የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አለ፤ ከንብረታቸውም ብዙው በከተማው ሙዚየም ይገኛል። በአጋሮ በኩል በጎማ አገር የምትገኘው ጮጬ የቡና መገኛ ናት ይባላል፤ የከፋ ሰዎች ደግሞ ይህን ክብር ለከፋ ይሰጣሉ። እኛ በዚህ ክርክር ፈራጅ ለመሆን አንደፍርም፤ ልጆቹ ሁለቱንም አይተው፥ በሁለቱም ቤት ቡና ቢጠጡ ይጠቀማሉ እንጂ አይጐዱም። በቦንጋ ብሔራዊ የቡና ሙዚየም ቆሟል፤ የከፋም ጫካ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ ዘንድ የሕይወት ክበብ ተብሎ ተመዝግቧል። ሙዚየምም ሆነ ቤተ መንግሥት ለመጐብኘት የሚፈልግ፥ ልጆቹ ደክመው በተዘጋ በር እንዳይመለሱ፥ ክፍት መሆኑን አስቀድሞ ይጠይቅ። ከነዚህም ሁሉ በላይ ልጆቹ ከአያታቸው ጋራ ቡና ሲቈላና ሲወቀጥ የሚውሉበት አንድ ቀን ያለ ምንም ቀጠሮ ይተውላቸው።

ስለ ዕቃም ጥቂት እንበል። በአገር ውስጥ በረራ የሚፈቀደው ክብደት ከውጭ አገሩ ሊያንስ ስለሚችል፥ በትኬቱ ላይ የተጻፈውን ማንበብ ያስፈልጋል። በመመለሻ እናት የምታሸክመው ማርና ቅቤ በእጅ ሻንጣ ከሆነ በፍተሻ ላይ ይቀራል፤ በደንብ ታሽጎ በሚጫነው ሻንጣ ይግባ። ቡና ከአገር ይዞ ለመውጣትም የመጠን ገደብ ስላለ ጉምሩክን መጠየቅ ይገባል። የሚሔዱበት አገር ሕግም መታየት አለበት፤ የምግብ ነገር የማያስገቡ አገሮች አሉና። የታወቀው የጅማ በርጩማ ግን ክብደቱ ከተመዘነለት መልካም ማስታወሻ ነው።

በመጨረሻ አንድ ነገር እንጨምር። ጕዞው ሁልጊዜ ከልጅ ወደ ወላጅ ብቻ መሆን የለበትም። ልጁ ሲመለስ እናቱንና አባቱን እስከ አዲስ አበባ በአየር ይዟቸው ቢሔድ፥ የመለያያው ቀን በጥቂቱ ይርቃል፤ ወላጆችም የልጃቸውን መንገድ ያውቁታል። ላሊበላን ሳላይ እንዳልሞት የሚሉ አረጋውያንም ካሉ፥ ከጅማ በአዲስ አበባ በኩል በአየር መድረስ ይቻላል፤ ለልደት በዓል ከሆነ ትኬቱና ማደሪያው ከብዙ ወር በፊት መያዝ፥ የአካባቢውም ሁኔታ መጠየቅ አለበት። መራመድ ለሚቸግራቸው ተሽከርካሪ ወንበር እንዲቀርብ ትኬት ሲቈረጥ ይነገር። አይሮፕላኑ ዝቅ ማለት ሲጀምር ጆሮ እንዳይደፈን ምራቅ መዋጥ ይረዳል፤ በከረጢት የተያዘ ጥቂት ቆሎም ለዚሁ ያገለግላል።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፤ የሚቀበለውም ቤት የራሱ ዕቅድ ያስፈልገዋል። እንግዳው ከመምጣቱ አስቀድሞ ማንን በየትኛው ቀን እንደሚጠይቅ ተነጋግራችሁ፥ የታመሙትንና ያረጁትን አስቀድሙ፤ ሌላው በበዓሉ ዕለት በአንድነት ይገናኝ። ድግሱ አነስ ብሎ መቀመጡ ቢበዛ ማንም አይከፋም። ለልጃችሁም በስልክ «መቼ ትደርሳለህ?» ከማለት በፊት «ከእኛ ጋራ ስንት ሌሊት ታድራለህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ትኬቱን የሚቈርጠው ለዚህ ጥያቄ መልስ ካገኘ በኋላ ይሁን።