የተከታታይ ድራማዎች አዲስ ምዕራፍ ለምን ይዘገያል?

“ምዕራፍ” የሚለው ቃል “ዐረፈ” ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። መንገደኛ ጓዙን አውርዶ የሚያርፍበት ስፍራ ምዕራፍ ይባላል። መጽሐፍም በምዕራፍ ሲከፈል አንባቢው የሚያርፍበትን ቦታ ያገኛል። ዛሬ ቃሉ ወደ ቴሌቪዥን ተሻግሮ የተከታታይ ድራማ አንድ ዙር መጠሪያ ሆኗል። አንድ ምዕራፍ ብዙ ክፍሎችን ይይዛል። ምዕራፉ ሲያልቅ ተዋናዩም ተመልካቹም ያርፋሉ፤ ከዚያም አዲሱ ምዕራፍ ይጠበቃል።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ዕረፍቱ ከመንገዱ እየረዘመ መጥቷል። ስምንት ወይም ዘጠኝ ክፍል የተመለከተ ሰው ቀጣዩን ለማየት ሁለት፣ አንዳንዴም ከሦስት ዓመት በላይ ይጠብቃል። ታሪኩ እስኪመለስ ድረስ የገጸ ባሕርያቱን ስም የሚረሳው ብዙ ነው። ለመሆኑ መዘግየቱ ከምን የመጣ ነው? አንዳንዶቹ ድራማዎችስ እንዴት በየዓመቱ ሳያጓድሉ ይመለሳሉ?

የቴሌቪዥን ዓመት እንዴት ተጀመረ?

በእንግሊዝኛ የድራማ ምዕራፍ መጠሪያ ክረምትና በጋን ከሚያመለክተው “ወቅት” ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። አጠራሩ ያለ ምክንያት አልመጣም። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች አዲስ ፕሮግራም የሚጀምሩት በመስከረም ወር ገደማ ሲሆን የሚያጠናቅቁት በግንቦት ነው። በበጋቸው ወራት ሕዝቡ ከቤት ውጭ ስለሚያሳልፍ ተመልካች ይቀንሳል። ቀኑ ሲያጥርና ብርዱ ሲመጣ ደግሞ ቤተሰብ በቴሌቪዥኑ ዙሪያ ይሰበሰባል። የመኪና አምራቾችም አዲስ ሞዴላቸውን የሚያስተዋውቁት በዚያው ወቅት ስለነበር የማስታወቂያው ገንዘብ ከጊዜው ጋር ገጠመ። ለእኛ አርሶ አደር ወቅት የዘርና የአጨዳ መለያ እንደሆነ ሁሉ፣ ለእነርሱ ጣቢያዎችም የማስታወቂያ መዝሪያና ማጨጃ ሆኖ ኖሯል።

በዚህ ሥርዓት አንድ ምዕራፍ 22 ያህል ክፍሎች ነበሩት። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ እስከ 39 የሚደርሱ ነበሩ። ጸሐፊው እየጻፈ፣ ተዋናዩ እየተቀረጸ፣ ጣቢያው እያስተላለፈ ሥራው ሳይቋረጥ ይሄድ ነበር። መስከረም ሲመጣ አዲስ ምዕራፍ እንደሚመጣ ተመልካቹ ያውቃል። ቀጠሮው የታወቀ ነበር።

በኢንተርኔት አማካይነት ድራማ የሚያቀርቡ ድርጅቶች ሲመጡ ይህ ቀጠሮ ፈረሰ። የእነርሱ ገቢ በዋናነት ከደንበኞች ወርሃዊ ክፍያ የሚገኝ በመሆኑ በመስከረም መጀመር ግድ አይላቸውም። ድራማው ሲያልቅ፣ ለድርጅቱ ባመቸው ቀን ይለቀቃል። የክፍሎቹም ቁጥር ወደ ስምንትና አሥር ዝቅ ብሏል። ክፍሉ ሲያንስ የእያንዳንዱ ወጪና የሚጠበቅበት ጥራት ከፍ አለ፤ ሥራውም ከተለመደው ቴሌቪዥን ይልቅ ወደ ሲኒማ ቀረበ።

ስኩዊድ ጌም፦ የአንድ ሰው ትከሻ

የደቡብ ኮሪያው “ስኩዊድ ጌም” ከአስጨናቂ ድራማዎች ዘውግ የሚመደብ ነው። በዕዳ የተዘፈቁ ሰዎች ለገንዘብ ሲሉ በሕይወታቸው የሚቆምሩበትን የልጆች ጨዋታ ያሳያል። የመጀመሪያው ምዕራፍ በዘጠኝ ክፍሎች የተለቀቀው በመስከረም 17 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ሁለተኛው በታኅሣሥ 26 ቀን 2024 እ.ኤ.አ. ደረሰ። በመካከሉ ሦስት ዓመት ከሦስት ወር አልፏል።

የመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ሥራው በአንድ ሰው ላይ መውደቁ ነው። ደራሲውም አዘጋጁም ህዋንግ ዶንግ ህዩክ ነው። ታሪኩን ማሰብ የጀመረው ከ2008 እ.ኤ.አ. አንሥቶ ሲሆን፣ የሚቀበለው አጥቶ ለአሥር ዓመታት ያህል በእጁ ቆይቷል። ህዋንግ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ሲሠራ ከነበረበት ጭንቀት የተነሣ ስምንት ወይም ዘጠኝ ጥርሶቹ እንደወለቁ ተናግሯል። እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሁለተኛው ሥራ በቶሎ ባይገባ የሚያስደንቅ አይደለም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ምዕራፍ ግን በአንድነት ስለተቀረጹ ሦስተኛው የተለቀቀው ከስድስት ወር በኋላ፣ በሰኔ 27 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ታሪኩም በዚያው ተደመደመ። የመጠበቁ ጊዜ ግን ተመልካቹን አላሸሸም፤ ሁለተኛው ምዕራፍ በመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት 68 ሚሊዮን ዕይታ እንዳገኘ ድርጅቱ ኔትፍሊክስ አስታውቆ ነበር።

ስትሬንጀር ቲንግስ፦ የሚያድጉ ልጆች

በአስፈሪና በሳይንሳዊ ልብ ወለድ ዘውግ የታወቀው “ስትሬንጀር ቲንግስ” ሌላ ችግር አጋጥሞታል። ድራማው በሐምሌ 2016 እ.ኤ.አ. ሲጀምር ዋናዎቹ ተዋንያን ሕፃናት ነበሩ። ኢሌቨን የተባለችውን ልጅ የምትጫወተው ሚሊ ቦቢ ብራውን ያን ጊዜ 12 ዓመቷ ነበር። አምስተኛውና የመጨረሻው ምዕራፍ በኅዳር 2025 እ.ኤ.አ. መተላለፍ ሲጀምር 21 ዓመት ሞልቷታል።

በድራማው ዓለም ታሪኩ የሚጀምረው በ1983 እ.ኤ.አ. ሲሆን የመጨረሻው ምዕራፍ የሚጀምረው በ1987 እ.ኤ.አ. ነው። በታሪኩ አራት ዓመት የሆነው በተዋንያኑ ዕድሜ ከዘጠኝ ዓመት በላይ ፈጀ ማለት ነው። አዘጋጆቹ የቱንም ያህል ቢጠበቡ የልጅን ዕድገት ማስቆም አይችሉም። ለልጆች ታሪክ የምዕራፍ መዘግየት ትልቅ ዋጋ ያስከፍላል የሚባለው ለዚህ ነው።

በአንጻሩ የካርቱን ሥራዎች ከዚህ ጭንቀት ነፃ ናቸው። “ዘ ሲምፕሰንስ” የተባለው የአሜሪካ አስቂኝ ካርቱን ከታኅሣሥ 1989 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ አዲስ ምዕራፍ እያወጣ ቆይቷል። ባርት የተባለው ልጅ ግን ዛሬም የአሥር ዓመት ልጅ ነው።

የሥራ ማቆም አድማው

ከ2023 እ.ኤ.አ. በኋላ የመጡ ብዙ ምዕራፎች የዘገዩበት የጋራ ምክንያትም አለ። የአሜሪካ የፊልምና የቴሌቪዥን ጸሐፊዎች በዚያ ዓመት ከግንቦት 2 እስከ መስከረም 27 ለ148 ቀናት ሥራ አቁመዋል። ተዋንያኑም ከሐምሌ 14 እስከ ኅዳር 9 ለ118 ቀናት አድማ መትተዋል። ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የጥያቄያቸው ሥር የምዕራፍ ማጠር ነበር። ቀድሞ 22 ክፍል ለመጻፍ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ይቀጠር የነበረ ጸሐፊ አሁን ስምንት ክፍል ጽፎ ይሰናበታል። ቀጣዩ ምዕራፍ ከሁለት ዓመት በኋላ ከመጣ በመካከሉ ምን ይበላል? በተጨማሪም ቀድሞ ድራማው በጣቢያ በተደገመ ቁጥር ለጸሐፊውና ለተዋናዩ ክፍያ ይደርሰው ነበር። በኢንተርኔት ግን አንድ ሥራ ሚሊዮኖች ደጋግመው ቢያዩትም የሚደርሳቸው በጣም አነስተኛ ሆኖ አገኙት። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራቸውን እንዳይነጥቃቸው ዋስትና መጠየቃቸውም ይታወሳል። በስምምነቶቹ የክፍያ ማሻሻያና በሰው ሠራሽ አስተውሎት አጠቃቀም ላይ ገደብ ተገኝቷል።

ስለ አንድ እንግዳ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች የሚተርከው ምስጢራዊ ድራማ “ሰቨራንስ” ቀረጻው በአድማው ከተቋረጠባቸው አንዱ ነው። የመጀመሪያው ምዕራፍ በሚያዝያ 2022 እ.ኤ.አ. ልብ አንጠልጣይ በሆነ ቦታ ላይ ቆመ፤ ሁለተኛው የመጣው በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ነው። ተመልካቹ ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ተንጠልጥሎ ቆየ።

ቀጠሮ አክባሪዎቹ

ሁሉም ድራማ ግን አይዘገይም። በፒትስበርግ ከተማ በሚገኝ የሆስፒታል የድንገተኛ ሕክምና ክፍል ላይ የሚያተኩረው “ዘ ፒት” የመጀመሪያ ምዕራፉን በጥር 9 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀመረ። ሁለተኛው በጥር 8 ቀን 2026 እ.ኤ.አ. ተመለሰ። አንድ ምዕራፍ 15 ክፍል አለው፤ እያንዳንዱ ክፍል የአንድ የሥራ ፈረቃ አንድ ሰዓት ነው። ታሪኩ በአብዛኛው ከአንድ ሆስፒታል አይወጣም። የቀረጻ ቦታው አንድ መሆኑ ጉዞንና ወጪን ይቀንሳል፤ ውድ የሆነ የኮምፒውተር ምስል ሥራም አያስፈልገውም። ዝቅ ባለ ወጪ መሠራቱ ግን ክብሩን አልቀነሰውም፤ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. የኤሚ ሽልማትን በምርጥ ድራማ ዘርፍ አሸንፏል።

የእንግሊዙ የስለላ ድራማ “ስሎው ሆርስስ” ደግሞ ከሚያዝያ 2022 እስከ መስከረም 2025 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አምስት ምዕራፎችን አድርሷል። ምስጢሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ታሪኩ የሚክ ሄሮን ልብ ወለዶች ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ቀጣዩ ምን ይሁን የሚል ጭንቀት አነስተኛ ነው። ሁለተኛ፣ ሁለት ሁለት ምዕራፍ በአንድነት ይቀረጻል።

የቱርክ ድራማ ለምን አያልቅም?

በሀገራችን ቃና ቴሌቪዥን በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ወደ አማርኛ የተመለሱ የቱርክ ድራማዎች በብዙ ቤት ተለምደዋል። “መቶ ክፍል አልፎም አያልቅም” የሚለው ወግ የተለመደ ነው። ምክንያቱ ከምዕራፍ አቆራረጥ ይመነጫል።

በቱርክ አንድ ምዕራፍ ከመስከረም እስከ ሰኔ በየሳምንቱ ይተላለፋል። የአንዱ ክፍል ርዝመት ደግሞ ሁለት ሰዓትና ከዚያ በላይ ነው። ለውጭ ሀገር ሲሸጥ አንዱ ክፍል ከአንድ ሰዓት ያነሱ ሁለት ወይም ሦስት ክፍሎች ይሆናል። ለአብነት ከ2014 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በአምስት ምዕራፎች የተላለፈው ታሪካዊው “ድሪሊሽ ኤርቱሩል” በቱርክ 150 ክፍል ነበረው፤ በኔትፍሊክስ ሲቀርብ 448 ሆኗል። ስለዚህ የክፍሉ ቁጥር በዛ ማለት ታሪኩ ረዘመ ማለት ላይሆን ይችላል።

ምዕራፍ የሌለው ድራማ

ዕረፍት ሳይኖረው የሚቀጥል ድራማም አለ። የእንግሊዙ ቢቢሲ ሬዲዮ ከጥር 1 ቀን 1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ “ዘ አርቸርስ” የተባለ የገበሬ ቤተሰብ ድራማ ያስተላልፋል። ከ20 ሺህ በላይ ክፍሎች አሉት። የተጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ምግብ በራሽን በሚታደልበት ዘመን ነው። ዓላማውም አርሶ አደሩ አዲስ የአመራረት ዘዴን ከታሪኩ ጋር እያዋዛ እንዲማርና ምርት እንዲያድግ ነበር። የድራማው ዘመን የሚቆጠረው በእርሻው ነው፤ በጎች ሲወልዱ በታሪኩም ይወልዳሉ፤ አጨዳ ሲደርስ በታሪኩም ይታጨዳል።

በኢትዮጵያም በ2002 እ.ኤ.አ. የተጀመረው “የቀን ቅኝት” የሬዲዮ ድራማ ተመሳሳይ መንገድ ተከትሏል። በ257 ክፍሎቹ ስለ ቤተሰብ ምጣኔ፣ ስለ ኤችአይቪና ስለ ሴቶች መብት አስተምሯል። መብራት ባልደረሰበት አካባቢ የነበረ አድማጭም በባትሪ ሬዲዮ ሊከታተለው ይችል ነበር። ታሪክን ተከታትሎ መጠበቅ ለሀገራችን ሰው አዲስ እንዳልሆነ ይህ ያሳያል።

ተመልካቹ ምን ልብ ይበል?

መጠበቁ በረዘመ ቁጥር የሐሰት ወሬ ቦታ ያገኛል። ፈጽሞ ያልተሠራ ምዕራፍ “ማስታወቂያ” በሰው ሠራሽ አስተውሎት ተቀነባብሮ በማኅበራዊ ትስስር ገጾች ይለቀቃል። የቆዩ ምስሎችን ቆራርጦ በመቀጠል የሚሠራም አለ። “አዲሱ ምዕራፍ እዚህ አለ” የሚል ማስፈንጠሪያ ልኮ የስልክ ቁጥርና የይለፍ ቃል የሚጠይቅ ካለ፣ ተመልካቹ መረጃውን ከመስጠት ሊቆጠብ ይገባል። እውነተኛው ቀን የሚገለጸው በአቅራቢው ድርጅት ወይም በጣቢያው ይፋዊ ገጽ ነው። በዚያ ያልተገለጸ ቀን ወሬ እንጅ ቀጠሮ አይደለም።

“ቀጣይ ምዕራፍ ይኖረዋል” እና “ቀረጻው ተጀምሯል” የሚሉት ዜናዎችም ልዩነት አላቸው። የመጀመሪያው ውሳኔ ብቻ ነው፤ ጽሕፈቱ ገና ሊሆን ይችላል። ቀረጻው ካለቀ በኋላም የድምፅ፣ የሙዚቃና የምስል ቅንብር ሥራ ይቀራል። በኮምፒውተር የተሠራ ምስል የሚበዛባቸው ድራማዎች በዚህ ደረጃ ላይ ብቻ ብዙ ወራት ይወስዳሉ።

ያላለቀ ታሪክ መጀመር የማይወድ ሰውም አማራጭ አለው። ስኩዊድ ጌምና ስትሬንጀር ቲንግስ ተደምድመዋል፤ አሁን የሚጀምራቸው ተመልካች ሌሎች በዓመታት የጠበቁትን በአንድ የበጋ ወር ማየት ይችላል። ያልተደመደመውን የሚከታተል ግን ከመጀመሪያው የሚያውቀው ነገር ቢኖር መልካም ነው። ምዕራፍ ማረፊያ ነው፤ መንገዱ መቼ እንደሚቀጥል የሚወስነው ግን ተመልካቹ ሳይሆን የጸሐፊው ብዕር፣ የተዋናዩ ዕድሜና የድርጅቱ ገንዘብ ነው።