ደረቱ የተጎዳ ሰው ሆስፒታል እስኪደርስ

በመንዝ፣ በግሼና በመርሐቤቴ ደረትን የሚጎዳው የመኪና አደጋ ብቻ አይደለም። ፈረስ ይራገጣል፣ በሬ ይወጋል፣ ከገደል ይወደቃል፤ ዱላና ጥይትም አለ። ሐኪም እንደመሆኔ «እስኪደርስ ምን እናድርግለት?» ተብዬ ብዙ ጊዜ እጠየቃለሁ።

በሳንባና በደረት ግድግዳ መካከል አየር መኖር የለበትም። የተሰበረ የጎድን አጥንት ሳንባን ሲበሳ ወይም ደረት በቁስል ሲከፈት ግን አየር ይገባና ሳንባው ይኮማተራል። የከፋው የገባው አየር መውጫ ሲያጣ ነው። እየተጠራቀመ ልብንና ትልልቅ የደም ሥሮችን ይጫናል፤ በደቂቃዎች ውስጥም ሊገድል ይችላል። ትንፋሽ ማጠር፣ የከንፈር መጥቆርና ራስን መሳት ምልክቶቹ ናቸው።

በአካባቢው ያለ ሰው ምን ያድርግ? በመጀመሪያ ለቀይ መስቀል 907 ወይም ለወረዳው አምቡላንስ ይደውል። የተሰካ ነገር ካለ አይንቀል። የተከፈተን ቁስል በፌስታል ወይም በፕላስተር አይድፈን። ቀድሞ በሦስት ጎን መለጠፍ ይመከር ነበር፤ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያሉት ዓለም አቀፍ መመሪያዎች ግን ክፍቱን መተው ወይም በንጹሕ ደረቅ ጨርቅ ሳይጠብቅ መሸፈን ይላሉ። ጨርቁ በደም ከራሰ ይቀየር። ደረትን በመቀነት ጥፍር አድርጎ ማሰር ትንፋሽን ይከለክላል። ሰውየው ካልሳተ በቃሬዛው ላይ ከወገቡ ቀና ይበል፤ ምግብና ውኃ አይሰጠው።

የጤና ባለሙያው ሥራ የታፈነውን አየር ማስወጣት ነው። ከ2018 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለአዋቂዎች የሚመከረው ወፍራም መርፌ በ4ኛው ወይም በ5ኛው የጎድን አጥንት ክፍተት፣ ከብብት መሐል ጥቂት ወደ ፊት ነው። መርፌው ጊዜ ይገዛል እንጂ የደረት ቱቦን አይተካም።

ደጋው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። በ3,000 ሜትር ከፍታ የሚተነፈሰው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ የተጎዳ ሳንባ መጠባበቂያ የለውም። ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ መኪናም ጀማ ሸለቆ ወርዶ ከ1,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል። ከፍታ ሲጨምር የታፈነ አየር ይሰፋል፤ በ1,000 ሜትር ከአሥር በመቶ በላይ። ጉዞ ሲጀመር ደህና የመሰለው ታማሚ ዳገቱ ላይ ሊጠናበት ይችላል።

ስለዚህ ለሥራ ባልደረቦቼ የምለው ይህን ነው፦ የሪፈር ወረቀቱ ከመጻፉ በፊት ቱቦው ይግባ።