ከሞተ ኮምፒዩተር ውስጥ የንግድ መዝገብን ስለ ማውጣት

መቀሌ ከአፋር ቆላ በግመል ጭነት የሚመጣውን ጨው ተቀብላ ወደ ደጋው ስታከፋፍል የኖረች የገበያ ከተማ ናት። የነጋዴዋ መዝገብ በመጀመሪያ ቃልና ምስክር፣ ቀጥሎም ደብተር ነበረ። ዛሬ ግን ሱቅና መጋዘን ያለው ሰው የዕቃውን ዝርዝር፣ የባለዕዳዎቹን ስምና የጉምሩክ ሰነዱን ለኮምፒዩተር አደራ ሰጥቷል። ደብተር ቢረጥብ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ኮምፒዩተር ግን አንድ ቀን ጠዋት አልነሣም ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ አደራው ሁሉ አብሮ የተቀበረ ይመስለዋል። በብዙው ጊዜ ግን አልተቀበረም።

ነገሩ ለመቀሌ ነጋዴ ቀላል አይደለም። ከሰኔ 2013 ዓ.ም. በኋላ ባንክና ስልክ ተቋርጠው ቆይተዋል፤ ከተማይቱ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር እንደገና የተያያዘችውም የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተፈረመ በኋላ በኅዳር ወር ነው። ከዚያ ወዲህ የጦርነቱ ዘመን የብድር ወለድ እንዴት ይታሰብ የሚለው ጥያቄ የትግራይን ነጋዴዎች ብዙ ሲያነጋግር ቆይቷል። እንዲህ ባለው ክርክር ላይ የቀድሞ ሒሳቡን በሰነድ ማቅረብ የማይችል ሰው አቋሙ ደካማ ይሆናል። የ1952 ዓ.ም. የንግድ ሕግ ነጋዴው መዛግብቱን 10 ዓመት እንዲያቆይ ያዝዝ ነበር፤ የታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008ም ግብር ከፋዩ ሰነዶቹን እንዲጠብቅ ያስገድዳል።

መዝገቡ የሚኖረው ሃርድ ዲስክ በሚባለው ክፍል ውስጥ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1956 አይቢኤም ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው ሃርድ ዲስክ 50 ሳህኖች የተደራረቡበት፣ 1 ቶን ያህል የሚመዝን ሣጥን ሲሆን የሚይዘው 5 ሚሊዮን ያህል ፊደል ብቻ ነበረ። የዛሬው በመዳፍ ላይ ያርፋል፤ በጥቂት ብሎንና በሁለት ማያያዣ ብቻ የተያዘ ስለሆነም ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ ይወጣል። ፓወር ሰፕላዩ ወይም ማዘርቦርዱ ቢቃጠል፣ ወይም ዊንዶውስ አልከፈትም ቢል፣ ሃርድ ዲስኩ ራሱ ደኅና ሊሆን ይችላል። ቤቱ ፈረሰ እንጂ ሣጥኑ አልተሰበረም።

ዶክ የሚባለው መሣሪያ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው። በራሱ ላይ ክፍት አፍ ያለው አነስተኛ ዕቃ ሲሆን፣ ከሞተው ኮምፒዩተር የወጣው ዲስክ በዚያ አፍ ይተከላል፤ ዶኩም በዩኤስቢ ገመድ ከሌላ ደኅና ኮምፒዩተር ጋር ይያያዛል። ያን ጊዜ ዲስኩ እንደ ትልቅ ፍላሽ ሆኖ ይታያል። የሰውየው ሰነዶች «ዩዘርስ» በሚለው ፎልደር ውስጥ ይገኛሉ። ሒሳቡን በፒችትሪ የሚይዝ ነጋዴ ግን የድርጅቱን ፎልደር በሙሉ መቅዳት አለበት፤ ፒችትሪ አንዱን ድርጅት በብዙ ፋይሎች ከፋፍሎ ስለሚያስቀምጥ አንድ ፋይል ብቻውን ምንም አይረባም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በችኮላ ነው። ዲስኩ እንደ ተተከለ ኮምፒዩተሩ «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ መልሱ እንቢ ነው፤ እሺ ያለ ሰው የመዝገቡን ማውጫ በገዛ እጁ አጠፋ ማለት ነው። ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ካሰማ ደግሞ የሚያነበው ክንድ ተጎድቷልና ወዲያው ይነቀል። ደግሞ ደጋግሞ መሞከር ክንዱ ሳህኑን እንዲፍቀው ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ልዩ መሣሪያ ያለው ባለሙያም የሚያተርፈው አይኖረውም።

ከሁሉ የሚያሠጋው ሁለት አፍ ያላቸው፣ ያለ ኮምፒዩተር ዲስክን በዲስክ ላይ የሚገለብጡ ዶኮች ጉዳይ ነው። አንዱ አፍ ምንጭ፣ ሁለተኛው መድረሻ ነው። ሙሉው ዲስክ በመድረሻው፣ ባዶው በምንጩ ተተክሎ ቁልፉ የተጫነ እንደ ሆነ መሣሪያው ባዶውን በሙሉው ላይ በታማኝነት ይገለብጣል፤ የዐሥር ዓመት ሒሳብ በዚህ ይጠፋል። መመሪያውን ሳያነብ ያችን ቁልፍ የሚነካ ጠጋኝ ከሱቅ ቢርቅ ይሻላል።

ዶክ የማይረዳበትም ጊዜ አለ። በአዳዲስ ላፕቶፖች ላይ ዊንዶውስ ዲስኩን ባለቤቱ ሳያስተውል በምስጢር የሚቆልፍበት ጊዜ ስለሚኖር፣ ባለ 48 አኃዙ መክፈቻ ካልተገኘ ዲስኩ ቢታይም አይነበብም፤ መክፈቻው በማይክሮሶፍት አካውንት ተመዝግቦ እንደ ሆነ አስቀድሞ ማየት ያሻል። በአንዳንዶቹም ላይ ማኅደሩ ከማዘርቦርዱ ጋር ተበይዷልና አይወጣም። ኤስኤስዲ ከሚባለው ዓይነት የተሰረዘ ፋይል ደግሞ፣ መሣሪያው ራሱ ቦታውን ስለሚያጸዳው፣ ብዙውን ጊዜ ተመልሶ አይገኝም።

ዕቃውን ለሚያስመጡና በሱቅ ለሚሸጡ ነጋዴዎች ልዩነቱን ማወቅ ይጠቅማል። ከ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ወዲህ የተስፋፋው የዲስክ ማያያዣ ሳታ ይባላል፤ ከዚያ በፊት የነበሩት የአይዲኢ ዲስኮችና እንደ ማስቲካ ቀጭን የሆኑት የኤም ዶት ቱ (M.2) ኤንቪኤምኢ ዓይነቶች በሳታ ዶክ አይሠሩም። የላፕቶፑ 2.5 ኢንች ዲስክ በዩኤስቢ ኃይል ብቻ ሊነሣ ይችላል፤ የጠረጴዛው 3.5 ኢንች ዲስክ ግን 12 ቮልት ይፈልጋልና የራሱ አዳፕተር የሌለው ዶክ አያስነሣውም። ስለዚህ ካርቶኑ ሲከፈት አዳፕተሩ አብሮ መኖሩን፣ 220 ቮልት መቀበሉንና ሶኬቱ ከአገራችን ግድግዳ ጋር መግጠሙን ከመረከብ በፊት ማየት ነው።