ስለ ባቄላ ቆርምድና በቅጠል ስለሚዘጋጀው የብር ደቃቅ

ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በጫጫና በዙሪያዋ ባለው ደጋ፥ ባቄላ ለገበሬው ምግቡም ገንዘቡም ነው። ነገር ግን ቆርምድ የሚባለው በሽታ በሰሜን ሸዋ ተነሥቶ፥ ቅጠሉንና ግንዱን እያሳበጠ አዝመራውን ይጎዳል።

የዕፅዋትን ሻጋታ ለመከላከል ሊቃውንት ከሚመረምሩት ዘዴ አንዱ የብር ደቃቅ ነው። የብር ናይትሬት የተባለው ጨው በውሃ ሟሙቶ ከተቀቀለ ቅጠል ጭማቂ ጋር ሲቀላቀል፥ በቅጠሉ ያለው ንጥረ ነገር ጨውን ወደ ደቃቅ ብር ይለውጠዋል፤ ውሃውም ቡናማ ይሆናል። የደቃቁ ስፋት ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር ነው፤ አንድ ናኖሜትርም የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ይህ ደቃቅ የብዙ ሻጋታዎችን ሽፋን እየጎዳ ዕድገታቸውን እንደሚገታ በቤተ ሙከራ ታይቷል።

ሆኖም ይህ የታየው በሳህን ላይ በሚበቅል ሻጋታ ነው። ቆርምድ ግን በሕያው ተክል ውስጥ ብቻ የሚያድግ ስለሆነ፥ የሳህኑ ውጤት ለእርሱ ማስረጃ አይሆንም። ደግሞም ብር ሲበዛ ለአፈር የሚጠቅሙትን ረቂቃን ነፍሳትና የወንዝ ዓሣን ይጎዳል።

ስለዚህ የብር መድኀኒት አመጣሁ የሚል ነጋዴ ቢመጣ፥ ሹሙ አስቀድሞ ፈቃዱንና የማሳ ሙከራውን ውጤት ይጠይቀው። ለጊዜው ግን ባቄላን ከገብስና ከስንዴ ጋር ማፈራረቅ፥ ዘርን ከጤነኛ ማሳ መምረጥ፥ የታመመውን ገለባ ከማሳ ማስወገድ፥ ከደብረ ብርሃን የግብርና ምርምር ማዕከልም ምክር መጠየቅ ይገባል።